ፍል ውሃውም ነበረን፣ ቤቱም ነበረን

ሞያሌ ላይ፣ ማንያታ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ወደ ደቡብ ቢወርድ ናይሮቢ ይገባል፤ ወደ ሰሜን ቢወጣ አዲስ አበባ። እኛ የሞያሌ ሰዎች ሁለቱንም እናውቃለን። ነጋዴው ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል፣ ለሕክምና የተመላለሰው ያውቃል። በሁለቱም ከተማ አንድ አንድ አሮጌ ሆቴል አለ። የናይሮቢው ኖርፎክ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1904 ነው። የአዲስ አበባው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው፤ እንግዳ መቀበል የጀመረው ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። እኩዮች ናቸው። ታዲያ ዛሬ እኩል ናቸው?

ኖርፎክን የሠሩት ነጮች ናቸው፤ ለራሳቸው ነው የሠሩት። በቅኝ ግዛት ዘመን ጥቁር ሰው ሊያስተናግድበት እንጂ በእንግድነት ሊያርፍበት አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የአሜሪካው ቴዎዶር ሩዝቬልት ለአደን ሲመጣ ያረፈው እዚያ ነው። ኬንያ ነፃ ስትወጣ ያንን ቤት በንዴት ልታፈርሰው ትችል ነበር። አላፈረሰችውም። እ.ኤ.አ. በ1980 የመጨረሻ ቀን ቦምብ ፈነዳበት፤ ሃያ ያህል ሰው አለቀ፣ ሕንፃው በከፊል ወደመ። መልሰው ሠሩት። ዛሬም እንግዳው በዶላር ከፍሎ ይተኛበታል። ቤቱ የውርደት ማስታወሻ ሆኖ ሳለ ጠብቀው አኖሩት።

የእኛስ? የእኛን ያሠራችው ኢትዮጵያዊት ንግሥት ናት። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሚባለው ሆቴል ነው። ምግብን በገንዘብ መግዛት ነውር በነበረበት ዘመን ምኒልክ ራሳቸው በልተው ከፍለው መኳንንቱን ሆቴል እንዳስለመዱ ይነገራል። ማንም ያልጫነብን፣ ማንም ያላዋረደን፣ የራሳችን ቤት ነው። ይህንን ነው ያቀለልነው።

በዚያ ላይ ናይሮቢ የሌላት ነገር ነበረን። ከመሬት ሆድ እየፈላ የሚወጣ ውሃ! አዲስ አበባ እኮ በዚህ ውሃ ምክንያት የቆመች ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ በነበረበት ጊዜ መኳንንቱ ሊታጠቡ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። ያችው ሴት ፍል ውሃው ዳር ከተማ መሠረተች፣ ያችው ሴት ፒያሳ ላይ ሆቴል አቆመች። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል። ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነበር የቀረን። መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አልታየውም?

ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እናስበው። አንድ መንገደኛ ከሩቅ አገር ይመጣል። ሰፊውን የእንጨት ደረጃ ወጥቶ፣ ጣሪያው ከፍ ባለ ክፍል፣ ወለሉና መስኮቱ በጥንቃቄ በታደሰ ቤት ያርፋል። በነጋታው ከተማዋን በወለደው ውሃ ይታጠባል፤ ይታሻል፤ በእንፋሎቱ ድካሙን ያወጣል። ማታ በረንዳው ላይ ቡና ይፈላለታል። ለዚህ ስንት ይከፍላል? የተጠየቀውን ይከፍላል! ቡዳፔስት ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጌለርት የሚባለውን ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1918 ከፍል ውሃ መታጠቢያው ጋር አንድ ላይ ከፈቱት፤ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊነከርበት ሲሄድ ኖረ። ውሃቸው ከእኛ ውሃ በምን በለጠ? በምንም። የበለጡን በማሰብ ነው።

እኛ ፍል ውሃውን ምን አደረግነው? ቲኬት ቆርጠን፣ ፎጣና ሳሙናችንን በፌስታል ይዘን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠበቅንበት። ለበዓል ዋዜማ ተሰለፍንበት። ድሃው በርካሽ መታጠቡ መልካም ነው፤ ማንም አይነካበት። ግን ያ ሁሉ ውሃ ለዚያ ብቻ ነበር? አጠገቡ ለሩቅ እንግዳ የሚመጥን ክፍል፣ የሰለጠነ ወጌሻ፣ የሚያምር ገንዳ መጨመር ማንን ይጎዳ ነበር?

ሆቴሉንስ? የጀርባ ቦርሳ ያዘለ ወጣት ቱሪስት በርካሽ የሚያድርበት፣ ሻወር በጋራ የሚጠቀምበት፣ እኛ ደግሞ ለጾም ቡፌው የምንሄድበት ቤት አደረግነው። ቡፌውን በልተን እየወጣን «እንዴት ያለ ታሪካዊ ቤት ነው!» እንላለን። ብለን እንሄዳለን። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ እንጨቱ ግን በየዓመቱ እየደረቀ፣ እያረጀ፣ እሳት እየጠበቀ ቆየ።

እሳቱም መጣ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ። ሆቴሉ ውስጥ የነበረው፣ ጃዝ አምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ነደደ። አሮጌዎቹ የሙዚቃ ሰዎች ለወጣቱ የሚጫወቱበት መድረክ በአንድ ቀን አመድ ሆነ። ያን ጊዜ አለቀስን። ፎቶ ተቀባበልን። «ቅርሳችን!» አልን። አንድ ሰሞን ጮኽን። ያ ሁሉ ለቅሶ ከእሳቱ በፊት የት ነበር? ቤቱ ቆሞ ሳለ ከእሳት የተጠበቀ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ከእኛ መሐል ማን ነበር? ኖርፎክን ቦምብ ነው ያቃጠለው። የእኛ ግን በቸልታችን መሐል ነደደ።

«ድሆች ነን፣ ገንዘብ አልነበረንም» የሚል ይኖራል። ውሸት ነው! ሂልተን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲከፈት የመዋኛ ገንዳውን በላሊበላ መስቀል ቅርጽ ሠራው፤ የሞላውም በዚያው በፍል ውሃችን ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ኩባንያ ውሃችንንም መስቀላችንንም አይቶ ዋጋቸውን ወዲያው አወቀ። እኛ ደግሞ ገንዳው ዳር ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን። ለማደስም አቅም አልጎደለንም። የምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. ታድሶ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። የአፍሪካ አዳራሽ በ2017 ዓ.ም. እንደ አዲስ ታድሶ ቆሟል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። ጣይቱ ጋ ሲደርስ ያልተቻለው ስላልተፈለገ ነው።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ግን ከዚያም ብሰናል፤ መዳብም አላልነውም፣ ቆሻሻ አልነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በዶዘር ሲናዱ ስንቶቹ ቤቶች ታድሰው እንግዳ ማረፊያ ሊሆኑ ይችሉ ነበር? በረንዳቸው፣ የእንጨት ጥልፋቸው፣ የአርመኑና የሕንዱ አናጢ ከሐበሻው ጋር የሠራው ሥራ ሁሉ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሄደ። አስፋልቱ ሰፋ፤ መብራቱ ደመቀ። ያንን እንጨት ግን የትኛው ገንዘብ ይመልሰዋል?

ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ተነሥተው ወደ ካይሮ የሚነዱ መንገደኞች በእኛ በሞያሌ ሲያልፉ ኖረዋል። አቧራ ጠጥተው፣ ወገባቸው ተሰብሮ ነበር የሚያልፉት። ለእነዚህ ሰዎች «አዲስ አበባ ስትገቡ ንግሥቲቱ ባሠራችው ቤት እደሩ፣ ንግሥቲቱ በታጠበችበት ውሃ ታጠቡ» ማለት ነበረብን። ይህንን የሚል ከተማ በአፍሪካ ሌላ ከየት ይገኝ ነበር? ጣይቱ ሥራውን ጨርሳ ነው የሄደችው። ቦታውን መረጠች፣ ቤቱን ሠራች፣ እንግዳን ማስከፈልንም አስተማረች። ለእኛ የተረፈው መጠበቅና ማገናኘት ብቻ ነበር። ከሥራ ሁሉ ቀላሉ ደረሰን፤ እሱንም አልሠራነውም።