የአሮጌዋ ቮልስዋገን የኋላ እግር

ስለ አንዲት አሮጌ መኪና የኋላ እግር በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ በጅማ ከተማ፥ ይልቁንም በሄርማታ ሠፈር ያደገ ሰው መኪናን ሳያነሣ ስለ ቤተሰቡ ማውራት አይሆንለትም። ሄርማታ በአባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው የታወቀ፥ ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት ስፍራ ነበረ። በኋላ ቡናው በካሚዮን መጫን ሲጀምር ጋራዡ፥ ቶርኖ ቤቱና ጎሚስታው ከገበያው ጎን ተተከለ። የሠፈሩ ልጆች ፊደል ከመቁጠራችን አስቀድሞ ቡሎንን ከዳዶ ለይተን እናውቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቴ ሲሞት ከመጻሕፍቱ በቀር ትቶልን ያለፈው ንብረት አንዲት ቮልስዋገን ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተሠራች ስትሆን፥ ሞተርዋ 1300 የሚባለው፥ ጉልበትዋም 40 የፈረስ ጉልበት ነው። አባቴ በእኛ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ ገዛት። ያን ጊዜ ይህች መኪና በአገራችን የመምህሩ፥ የጸሐፊውና የጤና ረዳቱ መኪና ነበረች፤ ሕዝቡም ስሟን አሳጥሮ «ቮልስ» ይላታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በዚህችው ዓይነት መኪና ነበረ። አባቴ ያን ሳምንት የራሱን ቮልስ ከግቢ ሳያወጣ ሰነበተ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረንም።

የቮልስ ትልቁ በጎነት ውሃ አለመፈለጓ ነው፤ ሞተርዋ ከኋላ ሆኖ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ በጊቤ በረሃ ዳገት ላይ ሌላው ራዲያተሩን ከፍቶ ሲቆም እኛ እያዘገምን እናልፍ ነበር። ትልቁ ነውሯም የሚመጣው ከዚሁ ከኋላዋ ነው። ከክብደትዋ ከግማሽ የሚበልጠው የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው፤ እነዚያን ጎማዎች የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች ደግሞ መታጠፊያ ያላቸው በካምቢዮው በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ሲነሣና ሲወርድ ዘንጉን ተከትሎ እንደ ወፍ ክንፍ ያዘነብላል። ኩርባውን በፍጥነት የገባ ሾፌር በመካከሉ ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን ቢለቅ ወይም ፍሬን ቢረግጥ፥ የመኪናዋ ጀርባ ብድግ ይልና በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ውስጥ ታጥፎ በጠርዙ ይቆማል። ከዚያ በኋላ መሪው ቢዞርም ባይዞርም ዋጋ የለውም።

ይህ ነውር የቮልስ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ አገር ኮርቬር የተባለችው፥ እርስዋም በነፋስ የምትቀዘቅዝና ሞተርዋ ከኋላ የሆነ መኪና፥ ተመሳሳይ የኋላ እግር ነበራት፤ ራልፍ ኔደር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእርስዋ ሰጥቶአል። የቮልስዋገን ፋብሪካም ነገሩን አላጣውም፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ በአንዳንዶቹ ላይ፥ ኋላም 1302 እና 1303 በተባሉት ላይ፥ በዘንጉ በሁለቱም ጫፍ መታጠፊያ አደረገ፤ ጎማውንም በሰያፍ የተቀመጠ ብራቾ እንዲይዘው በማድረጉ ጎማው ሲነሣና ሲወርድ ማዘንበሉ እጅግ ቀነሰ። የአባቴ መኪና ግን ከዚህ በፊት የተሠራች ናት።

ነገሩ የመጽሐፍ ነገር ሆኖ ቢቀር ደስ ባለኝ ነበር። ትልቋ ልጄ ነርስ ሆና አጋሮ ተመድባለች። ከጅማ እስከ አጋሮ ያለው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጥላ ዛፍ ሥር የተተከለው ቡና ዓይን ያጠግባል፤ ኩርባው ግን ብዙ ነው፤ በጅማ ዙሪያም በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 1,500 ሚሊሜትር ይጠጋል። ባለፈው ክረምት አንዲት አህያ ከኩርባው ማዶ ድንገት ብትገባባት ልጄ ፍሬን ረገጠች። የመኪናዋ ጀርባ አመለጠ፤ ዞራም አፍንጫዋን ወደ መጣችበት መልሳ ከቦዩ አፍ ላይ ቆመች። ልጄን አንድ ጭረት እንኳ አላገኛትም። ለእናትዋ ሳትነግር ለእኔ ብቻ ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዘመድ ሁሉ «ሽጣት» አለኝ። መሸጡስ ቀላል ነው፤ ሌላ መግዛቱ ግን፥ ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ፥ የመምህርና የነርስ ደመወዝ የሚደፍረው ነገር አይደለም። በዚህ መካከል ጀርመን አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፥ ፖርሽ 944 ከምትባል የስፖርት መኪና የተፈቱ ሁለት የአሉሚኒየም ብራቾዎች ከነዲስክ ፍሬናቸውና ከነቸርኬያቸው ላከልን።

ሣጥኑ በተከፈተ ዕለት ታላቅ እኅቴ ተቆጣች። «የአባባን መኪና የጎረምሳ መጫወቻ ልታደርጋት ነው? የሙት አደራ ይለወጣል?» አለችኝ። ቁጣዋን አልናቅሁትም። በከተማችን ቸርኬ ለውጦ፥ የጭስ ማውጫ አስጩሆ ሕፃን ልጅ የሚያስበረግግ ወጣት ሞልቶአል፤ ለእንዲህ ያለው ጌጥ አንድ ብር አላወጣም። የስፖርት መኪና ዕቃ ሁሉ ግን ለመፍጠን ብቻ የተሠራ አይደለም። 163 የፈረስ ጉልበት የሚሸከም ብራቾ በ40 የፈረስ ጉልበት መኪና ላይ ሲገባ መኪናዋ አትፈጥንም፤ ጎማዋን ቀጥ አድርጋ ትረግጣለች እንጂ።

ለእኅቴ ከዚህ ይልቅ የዘር ቆጠራው ሳይጥማት አልቀረም። ቮልስን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ዓ.ም. 356 የተባለችው፥ በፖርሽ ስም የተጠራችው የመጀመሪያዋ መኪና ስትወጣ፥ ከውስጥ ዕቃዋ ብዙው የቮልስ ነበረ። በ1976 ዓ.ም. የወጣችው 924 ደግሞ መጀመሪያ ለቮልስዋገን ፋብሪካ ተብላ የተነደፈች ስትሆን፥ በኋላ እግርዋ ያለው ተጠምዛዥ ዘንግና ሰያፍ ብራቾ ከዚያው ከቮልስ ወገን የመጣ ነው። 944 የዚህች የ924 ልጅ ናት። እኅቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰምታ፥ «እንግዲያስ የልጅ ልጅዋ ናት በለኛ» አለችና ቡናውን ልትቀዳ ሄደች።

ሥራውን የያዙልን ሄርማታ ውስጥ ሁሉም «ሐጂ» የሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ብራቾዎቹን በእጃቸው መዝነው፥ «ልጄ፥ እኔ ከዚህች መኪና ላይ አንዳች ነገር አልቆርጥም፤ እጨምር እንደ ሆነ እንጂ» አሉኝ። እኔም «እርስዎ እንዳሉ፥ ሐጂ» አልሁ። የአሮጌው አሠራር የብራቾ መያዣ ስለሌለው፥ ከ1303 ልክ የተወሰደ መያዣ በሻንሲው ላይ በብየዳ መጨመር ያሻል፤ ካምቢዮውም ዘንጉን በመታጠፊያ የሚቀበል ዓይነት መሆን አለበት። ካምቢዮውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ዞሬ አገኘሁት። መያዣውን ሐጂ ከመበየዳቸው በፊት በገመድና በውሃ ልክ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለኩት፥ ረዳታቸው የሆነው ወጣት መታገሥ አቅቶት ነበር። እርሳቸው ግን አንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ጎማው ዕድሜ ልኩን እንደሚያነክስ ደጋግመው ነገሩት። የብራቾዎቹ አንዳንድ ቀዳዳና ጎሚኒ ልኩ ስላልመጣ ማጣጣሚያው በቶርኖ ተሠራ።

የሂሳብ መምህር እንደ መሆኔ ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የተጠምዛዡ ዘንግ ጥርስ ነው። ቮልስ ከኋላ ባሌስትራ የላትም፤ የሚሸከማት በቱቦ ውስጥ የተጋደመ፥ እየተጠመዘዘ የሚመለስ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40፥ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። በውስጥ በኩል አንድ ጥርስ ቢዞር 9 ዲግሪ ይሆናል፤ በውጭ በኩል አንድ ጥርስ ቢዞር ከ8 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ አንዱን ወደ ፊት፥ ሌላውን ወደ ኋላ አንድ አንድ ጥርስ ቢያዞሩት ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ፥ 50 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። በሁለት ሻካራ መለኪያ አንድ ረቂቅ ልክ ማግኘት ማለት ይህ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ስሠራላቸው ኖሬአለሁ፤ በሐጂ ጋራዥ ወለል ላይ ተንበርክኬ በቅባት እጅ ስሠራው ግን የመጀመሪያዬ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የፍሬን ነገር ተነሣ። ከኋላ ዲስክ፥ ከፊት አሮጌው ታምቡር ቢሆን፥ በእርጥብ መንገድ ላይ የኋላው ጎማ አስቀድሞ ይያዝና የሸሸነው አደጋ በሌላ በር ይመለሳል። ሐጂ የፊቱ ዲስክ ሳይገባ መኪናዋን ከጋራዡ እንደማያስወጡ ማሉ። የቮልስ 1500 የተባለችው ዲስክ ፍሬን ከፊት ነበራትና የእርስዋን ፈልገን አገኘን፤ በዚህም ምክንያት ሥራው አንድ ወር ተኩል ዘገየ፤ ልጄም ያን ጊዜ ሁሉ በሕዝብ ማመላለሻ ተመላለሰች።

ነገር ግን አዲስ ጣጣ መጣ። የፊቱ ቸርኬ በ130 ሚሊሜትር ክብ ላይ አራት ቡሎን ይይዛል፤ የኋላው በዚያው በ130 ሚሊሜትር ክብ ላይ አምስት ይይዛል። ክቡ አንድ፥ ቁጥሩ ሁለት። ስለዚህ አንድ ስኮርታ ለፊትም ለኋላም አይሆንም። ጀርመን አገር ያለው ወንድሜ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ፥ «ስልክ ደውላ እርዳታ ትጥራ» አለኝ። ሌሊት በዝናብ በአጋሮ መንገድ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ከሰኔ ወር ጀምሮ መኪናዋ በሥራ ላይ ናት። አህያዋ በገባችበት ኩርባ ላይ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እኔ ራሴ ደጋግሜ ሞከርኋት፤ ጀርባዋ ከመንገዱ አልተነሣም። ሐጂ አሮጌዎቹን ዘንጎች ግራሶ ቀብተው፥ በቡና ጆንያ ጠቅልለው ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ አኑረዋቸዋል፤ በጆንያውም ላይ የአባቴን ስም በኖራ ጽፈውበታል። ባለ አራት ቡሎኑ ስኮርታ በፊት ሣጥን ውስጥ በቦታው ነው። ባለ አምስቱ ግን ሌላ ስፍራ ስላልተገኘለት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጋሮ ይመላለሳል፤ በመንገድ ላይ የምትሳፈር እናት ስታጋጥም ልጄ ይቅርታ ጠይቃ ጎማውን በጭናቸው ላይ ታስታቅፋቸዋለች።