ያልጻፍሁት መስመር

ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታደል በራሪ ወረቀት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። ስለ ተሕዋሲው፣ ስለ መተላለፊያው፣ መድኃኒቱ ለ6 ወራት ሳይቋረጥ ሊወሰድ ስለሚገባው ምክንያት አሳምሬ ጻፍሁ። በቋንቋዬም ኮራሁ።

አንዲት እናት ግን በሁለተኛው ሳምንት ቀሩ። ቤታቸው ድረስ ሄድሁ። ወረቀቴን የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል፤ ግድግዳቸው ላይም ተለጥፋለች። አንገታቸውን ደፍተው፣ በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ መድኃኒታችሁ ደሜን በሽንቴ አፈሰሰው፤ ይህን ለማን እናገራለሁ?» አሉኝ።

ደም አልነበረም። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ቀይ ብርቱካንማ ይለውጣል፤ ለውጡ በራሱ ጉዳት የለውም። ይህን ዐውቅ ነበር። ሊጻፍ የሚገባው ቁም ነገር ግን አልመሰለኝም።

እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ወረቀቷን እንደ አዲስ ጀመርሁ። «ሽንትዎ ቀልቶ ቢያዩ አይደንግጡ» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር አደረግሁና አነበብሁላቸው።

«እደነግጣለሁ እንጂ!» አሉኝ። «‹ቢደነግጡም መድኃኒቱን አይተዉ፤ መጥተው ይጠይቁን› በል።»

እንዳሉት ጻፍሁ። በማግስቱ ጠዋት ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቀድመውኝ ቆመው ነበር።