ምስሉስ ይበልጣል፤ ግን ለየትኛው ዓይን?

ሳሪስ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ክርክር አያመልጠውም። አዲሱ ፕሌይስቴሽን 5 በምስል ጥራቱ አሮጌውን 4 በእርግጥ ይበልጠዋል ወይስ ወሬ ነው? ክርክሩ ከኳሱ ይብሳል። ጆይስቲክ የጨበጠው ልጅ ሳይቀር ዞር ብሎ ይከራከራል፤ ጎል የሚገባበትም ያኔ ነው።

ወሬ ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ምስል የሚሠራበት ክፍሉ አቅም 1.84 ቴራፍሎፕ ነበር፤ በ2020 የወጣው 5 ደግሞ 10.28 ነው። አንድ ቴራፍሎፕ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት መሆኑ ነው። ሚሞሪውም ከ8 ጊጋባይት ወደ 16 አድጓል። በወረቀት ከሆነ እንግዲህ ሽማግሌ አያስፈልገውም።

እኛ ግን የምናየው ወረቀት አይደለም። ልጅ ሆኜ በዚሁ ሰፈር በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ስንጫወት የተጫዋቾቹ ጭንቅላት የክብሪት ቀፎ ይመስል ነበር። ሮቤርቶ ካርሎስን በመላጣው፣ ባቲስቱታን በፀጉሩ እንጂ በፊቱ የሚለይ አልነበረም። ከዚያ ፕሌይስቴሽን 2 መጣ። ሚሞሪው ከ2 ሜጋባይት ወደ 32 ማደጉን ማንም አልነገረን፤ ቢነግረንም አይገባንም ነበር። በር ላይ ቆመን አየነው፣ አበቃ። ተጫዋቹ አፍንጫ አወጣ! ማልያው ተጨማደደ! የዚያ ዓይነቱ መብለጥ ምስክር አልፈለገም።

ከ4 ወደ 5 ያለው ዝላይ ሌላ ነው። የኮምፒዩተር ምስል ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ነው። ጥቂት የነበሩትን አሥር እጥፍ ብታደርጋቸው ማዕዘናም የነበረው ጭንቅላት ይከባል። አንዴ ከከበበ በኋላ ግን ሌላ አሥር እጥፍ ብትጨምር የምታተርፈው የቅንድብ ፀጉር ነው። በኳስ ጨዋታ ደግሞ ሜዳው የሚታየው ከላይ፣ ከሩቅ ነው፤ ተጫዋቹ ጣት አያክልም። ቅንድቡ የሚታየው ጎል ሲደገም ነው። እሱንም ልጆቹ ሰዓት እንዳይበላባቸው ቁልፍ ተጭነው ያልፉታል!

ቴሌቪዥኑስ? አዲሱ ማሽን 8 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ምስል ቢልክ፣ 2 ሚሊዮን ብቻ የሚችል ቴሌቪዥን የቀረውን ከየት አምጥቶ ያሳያል?

ይህን ሁሉ የማነሳው ለክርክር ያህል አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ያገለገሉ ፕሌይስቴሽን 4 ይዞ ጠባብ ክፍል የተከራየ ወጣት አውቃለሁ። ደንበኞቹ «አምስት አስገባ» እያሉ ጨቅጭቀውታል። ማሽኑ በ2020 ሲወጣ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት 120 አለፈ። ያው 499 ዶላር ከ28 ሺህ ብር ተነሥቶ 60 ሺህ ደረሰ ማለት ነው፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና ሳይጨመር።

እኔም ያነበብኩትን ነገርኩት። ፕሌይስቴሽን 2 በ2001 ከወጣው ከኤክስቦክስ በምስል አቅም ያንስ ነበር፤ ሆኖም ኤክስቦክስ 24 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ እሱ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ2006 የወጣው የኒንቴንዶ ዊም በምስል ከፕሌይስቴሽን 3 በብዙ እያነሰ በሽያጭ በልጦታል።

ሰማኝና ሳቀ። «ወንድሜ፣ ኒንቴንዶ የሳሪስ ቤት ኪራይ አይከፍልም። ጎረቤቴ 5 ካስገባ ልጆቹ ቅንድብ ቆጥረው አይደለም የሚሄዱት፤ በሩ ላይ 5 ተብሎ ስለተጻፈ ነው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እሱ ራሱ ደግሞ ከምስሉ ይልቅ ያየው ሌላ ነገር አለ፦ አዲሱ ማሽን ጨዋታውን ቶሎ ይከፍታል። ሒሳቡ በጨዋታ ቁጥር ነውና ልጆቹ ስክሪን ላይ አፍጥጠው የሚጠብቁበት ደቂቃ ሁሉ የማይከፈልበት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን 4 እና 5 እኩል ናቸው አለኝ።

እኔን ከጠየቀኝ ዘንድሮ አይግዛ እላለሁ። በ2025 የወጣው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26 እንኳ ለ4 ጭምር ተሠርቷል። በዚያ ገንዘብ አንድ ያገለገለ 4 ጨምሮ ደህና ቴሌቪዥን ቢያስገባ ልጆቹ ልዩነቱን በር ላይ ሆነው ያዩታል። ባለፈው ሳምንት ሳገኘው ገና አልወሰነም። ኪራዩን ግን አከራዩ ጨምረውበታል።