የአናናስ ዘመዶች መንደር

ሪዮ ዴ ጃኔሮ የመሄድ ዕድል ካጋጠመዎ ቀኖቹን ሁሉ ለባህር ዳርቻው አይስጡ። ከመሀል ከተማው ወደ ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዙ ባራ ዴ ጓራቲባ የሚባል ሰፈር ይደርሳሉ። እዚያ፣ ከኮረብታ ሥር፣ በአንድ ወቅት የአንድ ሰው መኖሪያ የነበረ 40 ሄክታር ያህል ግቢ አለ። ባለቤቱ ሮበርቶ ቡርሌ ማርክስ ይባል ነበር። ስሙን ባይሰሙም ሥራውን በፎቶግራፍ ሳያዩት አይቀሩም፤ የኮፓካባናን የባህር ዳር የእግረኛ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1970 መልሶ የነደፈው እሱ ነው።

ግቢው የሚጎበኘው ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ቀጠሮ አስቀድመው ይያዙ። ልጆች ካሉ ምቹ ጫማና የቢምቢ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ከ3,500 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች አሉበት፤ ሁሉንም አያለሁ ካሉ እግርዎ ይደክማል እንጂ አይጨርሱትም። ይልቅ ጊዜዎን ለብሮሚሊያዶቹ ይስጡ። ድንጋይ ላይ፣ ዛፍ ግንድ ላይ፣ አጥር ሥር፣ ደረጃ ዳር ያገኟቸዋል። አንዳንዱ ቅጠሉ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ ነው፤ ሌላው መሀሉ ደም የመሰለ ቀይ ነው።

ብሮሚሊያድ የሚለው ስም እንግዳ ቢሆንብዎ ከቤተሰቡ አንዱን በደንብ ያውቁታል፤ አናናስ። ቤተሰቡ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚበቅሉት በአሜሪካ አህጉሮች ሲሆን አንዲት ዝርያ ብቻ በምዕራብ አፍሪካ፣ በጊኒ ትገኛለች። ስሙም ቢሆን ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ተነሥቶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። የሚገርመው የሪዮ ገበያተኞች ራሳቸው ፍሬውን አባካሺ ይሉታል።

አስጎብኚዎ ቢፈቅድ ልጅዎ ወደ አንዱ ተክል ጎንበስ ብሎ መሀሉን ይመልከት። ቅጠሎቹ ተደራርበው ጽዋ ይሠራሉ፤ ጽዋው ውስጥ የዝናብ ውኃ አለ። ተክሉ የሚጠጣውና የሚመገበው በአብዛኛው ከዚያ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ሥራቸው ለመጨበጫ ያህል ነው። ዛፉንም አይመጠምጡትም፤ ይቀመጡበታል እንጂ። ጫካ ውስጥ እንቁራሪቶች እዚያች ውኃ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ነፍሳት ይራቡባታል፤ ወፎችም ይጠጡባታል። በዚህም የተነሣ የዴንጊ በሽታ በሚያሠጋው ሪዮ በቤታቸው የሚያሳድጓቸው ሰዎች ቢምቢ እንዳይራባባቸው ውኃውን ደፍተው በአዲስ ይለውጣሉ።

ቡርሌ ማርክስ እነዚህን ተክሎች ልብ ያላቸው አገሩ ሳለ አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ወጣት ሆኖ፣ ከቤተሰቡ ጋር ጀርመን ሄዶ ነበር። በርሊን፣ ዳህለም የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ የብራዚል ተክሎች በመስታወት ቤት ተከብረው አያቸው። በዚያን ጊዜ የብራዚል ሀብታሞች ግቢያቸውን የሚያስውቡት ከአውሮፓ በመጡ አበቦች ነበር። (እኛስ? ግቢያችንን ዞር ዞር ብለን ብንቆጥር ስንት አገር በቀል እናገኝ ይሆን!) ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከዕፅዋት ተመራማሪዎች ጋር እየተጓዘ ሲሰበስብ ኖረ። ይህን ግቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ከወንድሙ ጋር ገዛው፤ በ1973 ጠቅልሎ ገባበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አብዛኛው ብሮሚሊያድ የሚያብበው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። አበባው ሲጠወልግ እናቲቱም ቀስ በቀስ ትሞታለች፤ ከግርጌዋ ግን ልጆች ያቆጠቁጣሉ። ሙዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልጆቹ የእናታቸውን ሲሶ ሲያህሉ በስለት ተቆርጠው፣ ቁስላቸው ቀን ሁለት ቀን ደርቆ፣ ቅርፊትና ጠጠር በበዛበት ልል አፈር ላይ ይተከላሉ። አንድ ተክል የነበረው ሰው ሦስት አራት ይኖረዋል፤ ቦታው ስለማይበቃው ለጎረቤት ይሰጣል። እናቲቱን አበባዋ ረገፈ ብለው ቶሎ የሚጥሉ ሰዎች የሚያጡት ይህን ነው፤ ልጆቿን እያሳደገች አንድ ሁለት ዓመት ልትቆይ ትችላለች።

ታሪኩ ግን ጥሩ ጎን ብቻ ያለው አይደለም። ከሪዮ በላይ ባሉት ተራሮች፣ ገደል ላይ፣ ንጉሣዊ የሚባል ግዙፍ ብሮሚሊያድ ይበቅላል። ለማበብ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ የአበባው ዘንግ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቡርሌ ማርክስ በሚነድፋቸው የአትክልት ስፍራዎች ተከለው፤ ያየው ሁሉ ወደደው። ፍላጎቱ ሲበዛ ሰዎች ከገደሉ እየነቀሉ ይሸጡት ጀመር። አስቡት፤ ሳያብብ የተነቀለ ተክል ገደሉ ላይ የሚተካው ዘር አይጥልም። ዛሬ ከዘር የተፈሉ ችግኞች ይሸጣሉ። ስለዚህ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ዋጋው ስንት ነው?» ሳይሆን «ከየት መጣ?» መሆን ያለበት ይመስለኛል።

ቡርሌ ማርክስ ግቢውን ከነተክሎቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብራዚል መንግሥት ሰጠ። የሞተው በ1994 ነው፤ ስለዚህ በራሱ ስጦታ ላይ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሯል ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከዛፎቹ መሀል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ የቅዱስ አንጦንዮስ ጸሎት ቤት አለች፤ ሳያዩዋት አይውጡ።

ጉዞው ረጅም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ያደርስዎታል፤ ከዚያ ወደ ሪዮ የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። ሲመለሱ ተክል ሻንጣ ውስጥ ደብቀው ለማምጣት አያስቡ፤ የጤና ማረጋገጫ የሌለው ተክል ተባይና በሽታ ይዞ ይገባል።

ልጆችዎ ከጓጉ ግን ከኩሽናዎ ይጀምሩ። የአናናሱን ዘውድ ጠምዝዘው ይንቀሉ፤ የታችኛዎቹን ቅጠሎች ያራግፉ፤ ሁለት ቀን አድርቀው ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ሥር ልል አፈር ላይ ይትከሉት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ፍሬ ለማየት ዓመታት ይወስዳል፤ ላያፈራም ይችላል። ካፈራና ከግርጌው ልጆች ካወጣ ለጎረቤት ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ሲሶ እስኪያህሉ ይጠብቁ።