መስከረም ሲጠባ፣ ጥጃ ሲጠባ

ቡናው እስኪንተከተክ አንድ ጨዋታ ላንሳ።

ሰሞኑን አንዲት ቃል በልቤ ስትመላለስ ሰነበተች፤ «ጠባ» የምትል። መስከረም ጠባ እንላለን። ጥጃው ጠባ እንላለን። የግእዝ ሊቃውንት ሁለቱ ከየራሳቸው ምንጭ የመጡ መሆናቸውን ያስረዱናል፤ ለመንጋቱ ጸብሐ፣ ለጡቱ ጠበወ ነው። አማርኛ ላይ ሲደርሱ ግን ተገናኝተው አንድ ድምፅ ሆኑ። እኔ ይህን መገናኘታቸውን እወደዋለሁ። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ሁለቱ ነገሮች ድሮም ተለያይተው አያውቁም። አደይ የሚፈነዳውና እንቦሳ የእናቱን ጡት የሚጎትተው በአንድ ሰሞን ነውና።

የልጅነት የመጀመሪያ ሥራዬ ጥጃ መጠበቅ ነበር። የገጠር ልጅ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትንሹ ከደጅ ሳይርቅ ጥጃ ይጠብቃል፤ ጠንከር ሲል በግና ፍየል ይከተላል፤ ጎረምሳ ሲሆን ከብቱን ነድቶ ወንዝ ይሻገራል። እኔ ግን እድገቱን አልቸኮልኩለትም። ጥጃ መጠበቅ ማለት መስከረም ላይ ከአበባ መሃል መዋል ማለት ነበር።

ማለዳ ሣሩ ጤዛ እንዳቆረ፣ አያቴ ማለቢያዋን ይዛ ወደ በረት ስትሄድ እከተላታለሁ። የሀገራችን ላም ጥጃዋን ሳታይ ወተቷን አታወርድም። ስለዚህ ቀድሞ የሚለቀቀው እሱ ነው። እየተደናቀፈ ይሮጥና ግቷን በአፍንጫው ጎሸም ጎሸም ያደርጋል፤ ጭራው መወዛወዝ ሲጀምር ወተቱ መውረዱ ታወቀ። ያኔ ከጡቱ ይነጠልና ከእናቱ የፊት እግር አጠገብ ይያዛል። ያዡ እኔ ነበርኩ። «አጥብቀህ እንዳትይዘው ልጄ፣ አንገቱ ገና ለጋ ነው» ትለኛለች አያቴ። እናቲቱ ልጇን ስትልስ አልፎ አልፎ የእኔንም እጅ ትልሰዋለች፤ ምላሷ እንደ ሞረድ ይሻክራል፣ ትንፋሿ ይሞቃል። ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ሲንፏፏ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው አደይ ፀሐይ ሲነካው፣ ጥጃው እጄ ውስጥ ሲታገል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ የዚያን ጠዋት ያህል የሞላ ደስታ ግን ብዙ አላገኘሁም። አያቴ አንዱን ጡት ሳትነካ ነበር የምትነሳው። የጥጃው ድርሻ ነው።

አበባውና ጥጃው እንዲህ አብረው የሚመጡት ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀናት ነው። ክረምቱ ባበቀለው ሣር ሰውነቷን የመለሰች ላም ጥቅምት አጋማሽ ላይ ኮርማ ካገኘች፣ የምትወልደው በሐምሌ መጨረሻ ግድም ነው። የሁሉም ላም አወላለድ እንዲህ አይገጥምም፣ በበጋም የምትወልድ አለች። የመስከረሙን ጥጃ ብትቆጥሩለት ግን፣ የተጸነሰው አምና አደይ ዘሩን ሲያረግፍ ነው። እስቲ አስቡት! አንዱ ወደ ማሕፀን፣ ሌላው ወደ አፈር፣ በአንድ ሰሞን ገቡ። በጋው ሲያቃጥል፣ መስኩ ሲነጣ፣ ሁለቱም በጨለማ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ሣሩን ያመጣው ዝናብ ለእናቲቱ ወተት፣ ለዘሩ ደግሞ ሥር ይሆናል። መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ብርሃን ላይ ናቸው። ሲጀምሩ አብረው፣ ሲደርሱ አብረው።

አደይን ከቅርብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ አንድ አይደለም። መሃሉ ላይ ያለው ድምቡሽቡሽ ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ቅጠል የተዘረጉትም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው። አንድ ዘንግ አደይ ለሰው ስንሰጥ ያበረከትነው አንድ ሙሉ እቅፍ ነው። ኑግና ሱፍም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ አደይ ሲያረጅ መስኩ ወዲያው አይጨልምም፤ ጥቅምት ላይ የኑጉ ማሳ ቢጫውን ይቀበላል። ንቦቹም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ቀፏቸውን ይሞላሉ። በደጋው ጥቅምትና ኅዳር የማር ቆረጣ ወራት የሆኑት ለዚህ ነው።

ስለ ወቅቱ ስም ካነሳን፣ ብዙዎቻችን መስከረምን ጸደይ እያልን ነው ያደግነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የአበባው ወቅት መጸው ይባላል፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። በዚያ ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፣ የአበባ ዘመን። በእነዚያ ቀናት የሚታሰበው እመቤታችን ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ነው። በማኅሌተ ጽጌው እናትና ልጅ በአበባና በፍሬ እየተመሰሉ ሌሊቱ በዜማ ይነጋል። አባቶቻችን ጡት የሚጠባ ሕፃን ያቀፈችን እናት የሚያስቡበትን ወቅት ከአበባው ጋር ማዋላቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ከማኅሌት ወጥቶ በጤዛ ውስጥ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ የሰማውን ዜማ መንገዱ ዳር በዓይኑ ያገኘዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ጓዳ እንግባ። የመስከረምን ቅቤ መልክ ልብ ብላችኋል? ቢጫ ነው። ላሟ ለምለም ሣር ስትበላ፣ በአረንጓዴው ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ወደ ወተቷ ስብ ይገባል፤ በበጋ ገለባ ስትመገብ ቅቤው ይነጣል። የእንገሩም ነገር እንዲሁ ነው። ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትሰጠው ወፍራም፣ ቢጫ ወተት ነው። ጥጃ ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል ከእናቱ ደም አይደርሰውም፤ የሚያገኘው በእንገሩ በኩል ነው፣ እሱንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጥባት አለበት። ጎበዝ አርቢ ሌሊት ተነስቶ እንቦሳውን አቁሞ ከጡት የሚያገናኘው ለዚህ ነው። ከእሱ የተረፈው እሳት ላይ ሲጣድ እንደ አይብ ይረጋል፤ ለልጆች በትንሽ በትንሹ ሲታደል ቤቱ የበዓል ያህል ይደምቃል። እንግዲህ ደጁ ቢጫ፣ ቅሉ ቢጫ፣ ጽዋው ቢጫ ነው።

ከጥጃው ሌላ ያሉትን ትንንሾችም መርሳት አይገባም። ማምሻውን በጎቹ ወደ ጉረኖ ሲቃረቡ፣ ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው ተለይተው አንድ ላይ ይሰባሰባሉ። ከዚያ ማንም ሳያዝዛቸው እስከ አጥሩ ይሮጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ አንዱ ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ገፍትሮ ቦታውን ይወስዳል። ውርንጭላው አለ፤ እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ ያደገ፣ ጆሮው ገና ከራሱ ጋር ያልተስማማ። ጫጩቶቹ አሉ። ዶሮ እንቁላል ታቅፋ የምትቀመጠው 21 ቀን ነውና፣ ጳጉሜን 2 ያስታቀፈች እመቤት የመስቀል ማግስት ጓሮዋ ጭውጭው ይልላታል። ጭልፊት በላያቸው ሲያንዣብብ እናቲቱ በአንድ ድምፅ ሁሉንም ክንፏ ስር ታስገባቸዋለች። አደጋው ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ራስ ብቻ ከላባው መሃል ብቅ ትላለች። ይህን ለማየት ክፍያ የለውም፤ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ብቻ ነው።

ቋንቋችን ለእነዚህ ልጆች ስንት ስም እንዳዘጋጀ ደግሞ እዩ። ገና የተወለደው እንቦሳ፣ ከዚያ ጥጃ፣ ከዚያ ወንዱ ወይፈን፣ ሴቷ ጊደር። የበግ ልጅ ግልገል፣ ወንዱ ጠቦት። ልትጥል የደረሰች ወጣት ዶሮ ቄብ። ሰው በፍቅር ላላየው ነገር ይህን ያህል ስም አያወጣም።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በአንዱ የመስከረም ቅዳሜ እንጦጦን ተሻግራችሁ ወደ ሱሉልታ ውረዱ። ሜዳው ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል፤ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ገብቶ፣ ዳር ዳሩን አደይ ይዞት። ጎንበስ ካላችሁ ደግሞ ከአደዩ ስር ማገጥን ታገኛላችሁ። ባለ ሦስት ቅጠሉ፣ ሐምራዊና ሮዝ ራስ ያለው ትንሽ አበባ ነው። ለከብት ጥሩ መኖ ነው፤ ሥሩም ለመሬቱ ጉልበት ይተዋል። ጠዋት በባዶ ሆዷ እርጥብ ማገጥ ያገኘች ላም ግን ሆዷ ሊነፋ ይችላል። እረኛ ይህን ስለሚያውቅ ቀድሞ ሌላ ሣር ያስግጣታል። አበባውን እያደነቁ ላሟንም መጠበቅ፣ የእረኛ ጥበብ ይህ ነው።

ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ እጃቸውን ለጥጃ ያስልሱ። ያቺን ሻካራ ምላስ አንድ ጊዜ የቀመሰ እጅ አይረሳትም፤ የእኔ እስከ ዛሬ ያስታውሳታል። ብቻ አትዘግዩ። ጥቅምት ሲጋመስ ማጭዱ ይወጣል፣ የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ሆኖ ይከመራል፣ አደዩም ዘሩን አራግፎ ይሄዳል። ጥጃውም በሚመጣው ዓመት ጥጃ አይሆንም። ባለፈው ዓመት «ሳምንት እንሄዳለን» እያልኩ አሳልፌው፣ ስደርስ የጠበቀኝ የታጨደ ሜዳ ነበር። ዘንድሮ ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድኩ።

ቡናው ደርሷልና ላብቃ። ቅርብ ጊዜ አንድ ወዳጄ አዲስ ቤት ገባ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ በረት የለው፣ ጓሮ የለው። ከእንግዶቹ አንዲት እናት ግን ደፉን እንደረገጡ እጃቸውን ዘርግተው «እንቦሳ እሰሩ!» አሉ። ማንም አልደነቀውም፣ ሁላችንም አሜን አልን። አያቶቻችን ለአዲስ ቤት ከተመኙት ሁሉ ቀድሞ አፋቸው ላይ የመጣው ይህ ነበር፤ በደጃፉ የሚቦርቅ አንድ እንቦሳ። በዚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በውሃ ብርጭቆ የቆመ አደይ ነበር።

እናንተም እንቦሳ እሰሩ። ለከርሞ አደይ ያድርሰን።