ወርቁን ቢነግራቸውም

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። የዛሬውን ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚሁ ስላደግሁ ይሆን እንጃ፣ ከ4ቱ ወንጌሎች ለማርቆስ አደላለሁ። ሰዎች ጌታን ሳይረዱት የቀሩበትን ነገር ሳይሸፋፍን ይጽፋል፤ የገዛ ደቀ መዛሙርቱን እንኳ አይምርም።

አጎቴ በልጅነቱ ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ሲነሡ ፊቱ ይበራል። እኔ ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመርሁ ወዲህ ስለ ሃይማኖት ላለማንሣት ያለ ቃል ተስማምተን ነበር። አንድ ቀን ግን ማርቆስ 8ን አብረን አነበብን። ደቀ መዛሙርቱ እንጀራ መያዝ ረስተዋል፤ በታንኳው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። ጌታ ከፈሪሳውያንና ከሄሮድስ እርሾ እንዲጠነቀቁ ሲነግራቸው እነርሱ ስለ ጎደለው እንጀራ መነጋገር ያዙ። አጎቴ ሳቀ።

«ኅብሩ እርሾ ነው። እነርሱ ሰሙን ይዘው ሄዱ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስለ ቤተ መቅደስ ሲናገርም አይሁድ ግንባታው የፈጀውን 46 ዓመት ቆጠሩበት፤ እርሱ ግን የሚናገረው ስለ ሰውነቱ ነበር። ያው ሰም ተጣምሞ በኋላ በሸንጎ ፊት ክስ ሆኖ ቀረበበት።

ሆኖም የአጎቴ አፈታት እስከ መጨረሻው አያደርስም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ጌታ መከራ እንደሚቀበል፣ እንደሚገደልና እንደሚነሣ ነገራቸው፤ ማርቆስም በግልጥ መናገሩን ጨምሮ ጽፏል። ሰም የለውም፣ ራቁቱን የቀረበ ወርቅ ነው። ጴጥሮስ ወደ ጎን ወስዶ የገሠጸው ይሄኔ ነው። ቃሉ ረቅቆበት አይደለም፤ የሚሞት መሲሕ አልፈለገም። ይህን ስለው አጎቴ ዝም አለ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ደግሞ አነበበው።

አለመረዳት ሁሉ ታዲያ አንድ ዓይነት አይደለም። በኅብረታችን ቤተሰቡ የተቆጣው ወጣት ሲመጣ ማርቆስ 3ን ጠቅሰን «ጌታም አብዷል ተብሏል» እንለዋለን። እናቴ «ልጄን ምን ነካብኝ» እያለች ባለቀሰች ሰሞን ለእኔም ተብሎልኛል። እኔ ግን ክፍሉ ለእንዲህ ያለ ኩራት የሚመች አይመስለኝም። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ አንብቡ፤ ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ፋታ አልነበራቸውም። ልጇ አለመብላቱን የሰማች እናት ምን ታደርጋለች? ተነሥታ ትመጣለች። የእኔም እናት ተከራይቼ ወደምኖርበት ቤት የመጣችው እንጀራና ወጥ ተሸክማ ነበር። ጌታ ብርቱውን ቃል የተናገረው ብዔል ዜቡል አለበት ላሉት ጻፎች እንጂ ለዘመዶቹ አይደለም። ያላመነው ወንድሙ ያዕቆብም በኋላ ከኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን አዕማድ አንዱ ሆኗል።

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የቅርቦቹ ነገር ነው። ስለ ሞቱ ለ3ኛ ጊዜ ነግሯቸው ሳይቆይ የዘብዴዎስ ልጆች ቀረቡት። ምን እንዲያደርግላቸው እንደሚወዱ ሲጠይቃቸው በቀኝና በግራ መቀመጫ ለመኑ። ጥቂት ቁጥሮች አለፍ ብሎ፣ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ለሚለምነው ለበርጤሜዎስ ያንኑ ጥያቄ አቀረበለት። ዕውሩ ለማየት ለመነ፤ ባየም ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው መንገድ ተከተለው።