ውሃ አፍስሱበት፣ ይነሳል!

መቼም ጠመንጃ ያዥ ያደግን ልጆች ብዙ የጋራ ትዝታ አለን። አንድ የጋራ ኃጢአትም አለን፤ ዛሬ እንናዘዘው።

ክረምት ነበር። ሜዳው ጭቃ፣ ኳሷም ውሃ ጠጥታ ድንጋይ አክላለች። ተከላካያችን እንደ ልማዱ በቴስታ ሊመልስ ዘለለ፤ ከሌላው ልጅ ግንባር ጋር ተጋጨና ወደቀ። ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን አያየንም። እኛስ ምን አደረግን? አንድ ጆግ ውሃ ደፋንበት፤ «ወንድ አይደለህ እንዴ? ግባ!» አልነው። ገባ። ወደ ራሳችን ጎል እያጠቃ ሲጫወት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ማታ «ስንት ለስንት ወጣን?» ብሎ ሦስቴ ጠየቀን፤ አሁንም ሳቅን። የሰፈራችን ስም ጠመንጃ ያዥ ነው፤ ያን ቀን ግን እኛ ጆግ ያዥ ነበርን።

ዛሬ አንስቅም። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ ነገር ነው። ጭንቅላት ሲመታ ይናጣል። ለመጎዳት ደግሞ የግድ ራስን መሳት አያስፈልግም፤ መደናገርና መርሳትም ምልክት ናቸው። ውሃ ፊት ያጥባል እንጂ አንጎል አያክምም።

ቦክሰኞችን ቡጢ እንደሚያፈዛቸው አሜሪካዊው ሐኪም ሀሪሰን ማርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፏል። «ኳስማ ምን ታደርጋለች?» ትሉን ይሆናል። የዌስት ብሮሙ አጥቂ ጄፍ አስል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ የአሟሟት መርማሪው ኳስ በጭንቅላት ከመምታት የመጣ የሥራ በሽታ ነው አለ። በ2019 ደግሞ የግላስጎ ተመራማሪዎች የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ አገላበጡ። አንጎልን እያመነመኑ በሚገድሉ በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ለዓመታት በሥራቸው ሲገጩ የኖሩ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወት ሁሉ ይታመማል እያልን አይደለም።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ቀጠሮ ይረሳል። እኛም እንረሳለን። የእሱ ከዚያ ግጭት ይምጣ አይምጣ ማንም ሊምልልን አይችልም። ግን እሱ በረሳ ቁጥር እኛ ያቺን ጆግ እናስታውሳለን።

እናም እናንተ ዛሬ ሜዳ ዳር የምትቆሙ፦ ጭንቅላቱን ተመቶ የተደናገረ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ልቀስቅስህ ሲሉት አልነቃ ካለ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ጨዋታው ነገም አለ።

ጆጉንም ለሚጠማው አስቀምጡት።